የጓሮ ዶሮና የጾም ወራት

ዶሮ ማርባት ከቤት ሥራ ሁሉ የቀለለ ነው ሲባል እንሰማለን። ላም በረትና ድርቆሽ ትሻለች፤ በግም እረኛ ይሻል፤ ዶሮ ግን ጭራና ለቅማ ውላ ማታ በራሷ ወደ ቆጧ ትወጣለች ይባላል። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ አርብተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ስድስት ዶሮና አንድ አውራ ይዛ የልጆቿን ደብተርና የቤቷን ጨው በእንቍላል ዋጋ የምትሸፍን እናት ግን ቆጡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባዶ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ታውቃለች። ስለዚህ በከተማችን በቢሾፍቱ ጓሮ ያለውን የዶሮ ነገር ጥቂት ልንመለከተው ወደድን።

ዶሮ ለአገራችን እንግዳ አይደለችም። በትግራይ መዝበር በተባለው ስፍራ በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ግድም የሚደርስ ሲሆን፣ በአፍሪካ ምድር ከተገኙት ሁሉ እጅግ ቀደምት ከሆኑት ይቈጠራል። ቢሾፍቱ ደግሞ በዘመናዊው እርባታ ስሟ የታወቀ ነው። የእርሻ ምርምር ማዕከሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህም የሆሮን አገርኛ ዶሮ በምርጫ ለማሻሻል የተደከመው በዚሁ ማዕከል ነው፤ በስድስት ትውልድ ውስጥም የምትጥለው እንቍላል ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለአገሪቱ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተውም ተቋም የሚገኘው እዚሁ ነው። ታላላቆቹ የዶሮ እርባታ ድርጅቶች እንደዚሁ። ይህ ሁሉ በአጠገባችን ሳለ የጓሮ ዶሮ እንደ ድሮው በበሽታ ማለቋ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

በመጀመሪያ ግን ከጾም ሥርዓታችን ጋር የተያያዘውን እንመልከት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ዶሮ ግን ቅበላን ከሁዳዴ አትለይም። በዓመት 250 ያህል እንቍላል የምትጥል የተሻሻለች ዶሮ በዚህ ጊዜ ብቻ ወደ አርባ ትጥላለች። አምስት ዶሮ ባለበት ቤት ሁለት መቶ እንቍላል ይከማቻል ማለት ነው። ጎረቤቱም ገበያውም ስለሚጾም ዋጋው ይወድቃል። እኩለ ጾም ደብረ ዘይት ሲደርስ እንቅቡ ሞልቶ የቤቲቱ እመቤት በኀዘን ታየዋለች። (ይህ ስም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለከተማችንም ተሰጥቷት ብዙ ዘመን ተጠርታበታለች፤ የዛሬ ልጆች ላያውቁት ስለሚችሉ በዚህ አስታወስነው።)

ይሁን እንጂ በቤቱ ውስጥ እንቍላል የሚገባው ሰው የለም ማለት አይደለም። ሥርዓቱ ከሰባት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት አያስጾምም፤ ሕመምተኛና አራስም የንስሐ አባታቸውን ምክር ይጠይቃሉ። ነገር ግን ትልልቆቹ ሲጾሙ ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ ለሕፃኑም ሳይሠራለት የሚቀርበት ቤት ጥቂት አይደለም። ሕፃኑ ሳያውቀው ይጾማል፤ እንቍላሉም በእንቅብ ውስጥ ይበላሻል። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ መለየት ምን ያህል ያስቸግራል? በእድገቱ ላይ ያለ ልጅ በቀን አንድ እንቍላል ቢያገኝ ለአጥንቱም ለአእምሮውም ትልቅ ነገር ነው።

የቀረውን ስለ ማቆየት አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ዶሮ እንቍላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም፤ አውራ የሚያስፈልገው ለጫጩት ነው። አውራ የነካው እንቍላል በሙቀት ጊዜ በውስጡ ፅንሱ መንቀሳቀስ ስለሚጀምር ቶሎ ይበላሻል፤ ያልነካው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከእኛ ይልቅ ሞቃት በሆነችው በአዳማ ይህ ይበልጥ ይታያል። አውራውን ቢለዩትም ዶሮዋ ወዲያው ባዶ እንቍላል አትጥልም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል የፊተኛው ዘር በውስጧ ይቆያል። እንግዲህ አውራውን በቅበላ ሰሞን ማሰር ለጾሙ እኩሌታ ይጠቅማል ማለት ነው። እንቍላሉን ሳያጥቡ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገው ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ስፍራ ያኑሩት፤ ቢታጠብ በላዩ ያለው ተፈጥሯዊ ሽፋን ይለቅና በሽታ ወደ ውስጥ ይገባል።

ብልህ እመቤት ደግሞ አውራውን ከማሰሯ በፊት የሰበሰበችውን የአንድ ሳምንት እንቍላል ለአቃፊ ዶሮ ትሰጣለች። ከዐሥር ቀን በላይ የቆየ እንቍላል መፈልፈሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ለማቀፍ ደግሞ ከተሻሻሉት ይልቅ አገርኛዋ ትመረጣለች፤ የተሻሻሉት የእናትነት ጠባያቸው በምርጫ ብዛት ጠፍቶባቸዋልና። ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት እንቍላል በጭድ በተነጠፈ እንቅብ ላይ ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። በሰባተኛው ሌሊት እንቍላሉን በሻማ ወይም በባትሪ ብርሃን ፊት ቢይዙት ዘር ያለው እንደ ሸረሪት ድር ቀያይ ሥር ያሳያል፤ ጥርት ብሎ የሚታየውን ማውጣት ነው። በየካቲት የተፈለፈለ ወንድ ጫጩት ስድስት ወር ሲሞላው ዕንቍጣጣሽ ይደርሳል። የፋሲካውን አውራ የሚፈልግም ክረምቱ እንደ ወጣ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ያሳቅፍ። በበዓል ዋዜማ ገበያ ወጥቶ ከነጋዴ ጋር ከመከራከር ይህ ይሻላል።

ማቀፍ የማይፈለግባት ዶሮ ስታቅፍ የሚደረገውን ግን ዝም ብለን ልናልፈው አንወድም። በእግሯ ዘቅዝቀው ይሰቅሏታል፤ ውኃ ውስጥ ይነክሯታል፤ አልፎም ላባ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ያሳልፉባታል። ይህ ጭካኔ ነው፤ ጥቅምም የለውም። ከሥር ነፋስ በሚያስገባ የሽቦ ወይም የእንጨት ፍርግርግ ላይ፣ ጎጆ በሌለበት፣ እህልና ውኃ እየተሰጣት ሦስት አራት ቀን ብትቀመጥ ሆዷ ቀዝቅዞ ትተወዋለች።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ፈንግል ነው። ዶሮዋ ራሷን ደፍታ ታንቀላፋለች፤ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አንዳንዷም አንገቷ ይጠመዘዛል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆጡ ይራቆታል። ይህ ደዌ ከቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ መድኃኒት የለውም። አረቄ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የሚያጠጡ አሉ፤ ከሰው መድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን ገዝተው የሚበጠብጡም አሉ። ባለቤቲቱን ያጽናና እንደ ሆነ እንጂ ዶሮዋን አያድናትም።

ፈንግል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዝናብ በሚጀምርበት ወራትና በበዓል ገበያ ሰሞን ነው። የበዓሉ ምክንያት ግልጥ ነው። ከየገጠሩ የመጣ ዶሮ በአንድ ገበያ ይደባለቃል፤ አባወራው በዓርብ ወይም በቅዳሜ አንዱን ገዝቶ እግሩን አስሮ በጓሮ ያሳድረዋል፤ የቤቱም ዶሮዎች ከእርሱ ጋር ይለቅማሉ። እርሱ ለበዓሉ ይታረዳል፤ ደዌው ግን በግቢው ይቀራል። ከበዓል በኋላ በሳምንቱ ዶሮዋ ሁሉ ያለቀባት ሴት «ዐይነ ጥላ ነው» ስትል ሰምተን እናውቃለን። የተገዛው ዶሮ ከቤቱ ዶሮዎች ርቆ ይታሰር፤ የራሱ መጠጫ ይኑረው፤ ላባውና ሆድ ዕቃውም በጓሮ አይጣል፣ በጥልቅ ይቀበር። ለእርባታ የተገዛ ከሆነ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይሰንብት።

ከዚህም ጋር አንድ የኅሊና ነገር አለ። የመጀመሪያዋ ዶሮ ስታንቀላፋ የቀሩትን ቶሎ ሰብስቦ ገበያ ማውጣት ልማድ ሆኗል። ድህነት ያስገደደው ብዙ ነውና ሻጩን ለመኰነን አንቸኵልም። ሆኖም ያ ዶሮ የሚገባው በሌላ እናት ቆጥ ላይ ነው፤ እርሷም እንደ ሻጪቱ በእንቍላል ዋጋ ልጆቿን የምታስተምር ልትሆን ትችላለች።

መከላከያው ክትባት ነው፤ ክትባቱም በከተማችን ይሠራል። ታዲያ የጓሮ ዶሮ ለምን ሳትከተብ ትቀራለች? አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሆኖ ስለሚዘጋጅና ከተበጠበጠ በኋላ ለነገ ስለማይቆይ ነው። ስድስት ዶሮ ላላት ሴት ብልቃጡን ሙሉ መግዛት ኪሳራ ነው፤ ሐኪሙም ለስድስት ዶሮ ከቤት ቤት አይዞርም። መፍትሔው በእጃችን ነው። ለጽዋ የሚሰበሰበው ማኅበር፣ ለኀዘን የሚሰበሰበው እድር በአንድ መንደር አለ። ዐሥር ቤት አንድ ቀን ቈርጦ ዶሮውን ከማለዳው ሳይለቅ በቤት ቢያቆይ፣ ገንዘቡንም ቢያዋጣ፣ አንድ ብልቃጥ ለሁሉ ይዳረሳል። ሙቀት የሚችለው ክትባት በዐይን አንዲት ጠብታ የሚሰጥ ነው፤ ዶሮዋ ዐይኗን እስክትጨፍን ይዞ መቆየት ብቻ ይበቃል። በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል፤ ይልቁንም ዝናቡ ከመጀመሩና ታላላቆቹ በዓላት ከመድረሳቸው በፊት ቢሆን መልካም ነው።

ሸለምጥማጥን ፈርተው ዶሮን በመኝታ ቤት የሚያሳድሩ አሉ። ፍርሃታቸው እውነት ነው፤ ሸለምጥማጥ አንድ ሌሊት ከገባ አንዲቱን በልቶ አይበቃውም። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣ በኢትዮጵያ ገጠር ላይ የተደረገ ጥናት ዶሮ ያለው ቤት ሕፃናት ቁመታቸው የተሻለ ሆኖ ሲያገኘው፣ ዶሮው ሌሊት በመኖሪያ ቤት የሚያድር ከሆነ ግን ጥቅሙ እንደሚጠፋ አመልክቷል። የሚድኸው ሕፃን ኩሱን በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ይወስዳልና። ከግድግዳ ጋር ተያይዞ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በሽቦ የተጋረደ ትንሽ ቤት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከሥሩ አመድ ቢነሰነስ ዶሮዎቹ ይንከባለሉበታል፤ ቅማላቸውም ይቀንሳል።

ስለ አውራው ጥቂት ተናግረን እናብቃ። ቅዱስ ጴጥሮስን ያስለቀሰውን ጩኸት፣ የፋሲካም ሌሊት ጾሙ የሚገደፍበትን ሰዓት የሚነግረንን፣ ያከራየናቸው ሰዎች ሌሊት ስላልተኙበት ይረግሙታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አውራ ዶሮዎችን ሌትና ቀን በማይለይ ደብዛዛ ብርሃን አኑረው ቢመለከቱ፣ ንጋቱን ሳያዩት በሰዓታቸው ጮኹ፤ በኋላም አለቃው ቀድሞ እንደሚጮኽ፣ የቀሩትም በማዕረጋቸው እንደሚከተሉት አገኙ። ስለዚህ ጨለማ ቤት ዘግቶ ዝም ለማሰኘት መድከም ብዙ አይረዳም፤ ሦስት አውራ በአንድ ግቢ ማኖር ግን ጩኸቱን ያባዛዋል፤ ጠቡንም እንዲሁ። ለዐሥር ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። ያውም አንድ አውራ የገዛ ልጆቹን እያሰረረ ብዙ ዓመት ሲቆይ ጫጩቶቹ ደካሞች ስለሚሆኑ፣ ዓመት በሞላ ጊዜ ከሌላ ሰፈር ሰው ጋር አውራን በአውራ መለዋወጥ የተለመደና ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ መጪው እንግዳ ግን ክትባቱን ይዞ፣ ሁለቱን ሳምንት በጓሮው ማዶ ታስሮ ይሰንብት።