ከፓነሉ ጀርባ ያለው ቁጥር

ለሞባይል ስልክ የሚሆን የሶላር ቻርጀር በቤቱ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ገንዘቡንም ሐሳቡንም በፓነሉ ላይ ቢያውልም፣ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በፓነሉና በስልኩ መካከል በሚገባው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። ፓነል በተከታታይ የተያያዙ የሲሊከን ሴሎች ስብስብ ሲሆን፣ አንዱ ሴል የሚያመነጨው ቮልቴጅ ከግማሽ ቮልት ብዙም አይበልጥም። በገበያ «ባለ 12 ቮልት» እየተባለ የሚሸጠው 36 ሴል ያለው ፓነል ምንም ሳይገናኝበት ፀሐይ ላይ በቴስተር ሲለካ 21 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ ሲሠራበት ደግሞ ወደ 18 ይወርዳል፤ 12 የተባለበት ምክንያት ባለ 12 ቮልት ባትሪ እንዲሞላ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ብቻ ነው። ስልክ በዩኤስቢ መስመር የሚጠብቀው 5 ቮልት ስለሆነ፣ ይህን ልዩነት የሚያስታርቅ ክፍል የግድ ያስፈልጋል።

ርካሹና በየጥገና ቤቱ የሚገኘው መፍትሔ 7805 የተባለው ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተር ሲሆን፣ ትርፉን ቮልቴጅ ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያባክን በመሆኑ ለዚህ ሥራ የሚመከር አይደለም። ባለ 10 ዋት ፓነል በ18 ቮልት 0.55 አምፔር ገደማ ይሰጣል እንበል፤ በ7805 በኩል የገባው አምፔር ያንኑ ያህል ሆኖ ስለሚወጣ ስልኩ የሚደርሰው 2.8 ዋት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው 7 ዋት ሬጉሌተሩን በጣት እስከማይነካ ድረስ ያግለዋል። በአንጻሩ ባክ ኮንቨርተር የሚባለው፣ ኤሌክትሪኩን በከፍተኛ ፍጥነት እያበራና እያጠፋ ቮልቴጁን ቀንሶ አምፔሩን የሚያሳድገው ሰሌዳ፣ ከመቶ 85 ያህሉን ቢያሳልፍ እንኳ በ5 ቮልት 1.7 አምፔር ያስገኛል። ለፓነል ብዙ ከፍሎ በሬጉሌተር መቆጠብ እንግዲህ የማያዋጣ ቁጠባ ነው።

ይህ ሰሌዳ ግን የራሱ አደጋ አለው። ቮልቴጁ የሚስተካከለው በላዩ ባለች ትንሽ የናስ ብሎን ሲሆን፣ ከሱቅ ሲመጣ በስንት ቮልት ላይ እንደተተወ ስለማይታወቅ ስልክ ከመሰካቱ በፊት በቴስተር እየተለካ 5.1 ቮልት አካባቢ መድረስ አለበት። ብሎኗ ብዙ ዙር ተሽከርክራ ምንም ለውጥ ላታሳይ፣ ከዚያም በድንገት ቁጥሩን ልታወርደው ትችላለችና ሰሌዳው የተበላሸ መስሎት የሚጥለው ሰው ጥቂት አይደለም።

ቮልቴጁ ከተስተካከለ በኋላም ስልኩ «ቀስ ብሎ እየሞላ ነው» ሊል ይችላል። የዩኤስቢ መሰኪያ አራት መስመሮች ያሉት ሲሆን፣ ዳርና ዳር ያሉት ኃይል፣ መካከል ያሉት ሁለቱ መረጃ ያስተላልፋሉ፤ ስልኩ ከፊቱ ያለው ቻርጀር ይሁን ኮምፒውተር የሚለየው በእነዚህ በመካከለኞቹ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ በሶልደር ከተያያዙ ስልኩ እንደ ቻርጀር ስለሚቆጥረው የሚወስደውን ያሳድጋል፤ ባዶአቸውን ከተተዉ ግን ብዙ ስልኮች ከ0.5 አምፔር አያልፉም።

ደመና ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ችግር ይከተላል፤ ስልኩ የሚፈልገው ፓነሉ ከሚችለው ሲበልጥ ቮልቴጁ ይወድቅና ስልኩ ይለቃል፣ ሸክሙ ሲቃለል ቮልቴጁ ያገግምና ስልኩ እንደገና ይያያዛል፣ በያንዳንዱም ዙር ስክሪኑ እየበራ ከገባው ኃይል ከፊሉን ይበላል። መካከል ላይ ባትሪ ማስገባት፣ ወይም የአምፔር መገደቢያ ያለው ኮንቨርተር መምረጥ ይህን ይቀንሳል።

ስለ አቀማመጡ፣ ፓነሉ ወደ ደቡብ ይዙር የሚለው የተለመደ ምክር ከምድር ወገብ ርቀው ላሉ ሰሜናዊ አገሮች የሚስማማ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ድረስ በቀትር በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጠፍጣፋ አድርጎ ማንጠፉ ይሻላል። ስልኩ ግን አብሮ ፀሐይ ላይ መዋል የለበትም፤ የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እየጋለ ሊሞላ አይገባም። ስልኩን ወደ ጥላ ለማምጣት ረጅም ሽቦ ካስፈለገ፣ ሽቦው መዘርጋት ያለበት ከፓነሉ እስከ ኮንቨርተሩ ነው። የሽቦው ሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታበት መጠን፣ 1 ኦም ቢሆን በ0.55 አምፔር ከ18 ቮልቱ የሚያጎድለው 0.55 ብቻ ሲሆን፣ ኮንቨርተሩ ከፓነሉ ሥር ተቀምጦ ሽቦው ወደ ስልኩ ቢዘረጋ ግን በ1.7 አምፔር ከ5 ቮልቱ 1.7 ስለሚያጎድል ስልኩ ጨርሶ ላይሞላ ይችላል።