ፕሮግራሙ እዚያ ሠርቶ እዚህ ለምን እምቢ አለ?

ከማኅበረሰባችን ወጣቶች መካከል የሶፍትዌር ፍተሻ ወይም የቴክኒክ ድጋፍ ተምረው ሥራ የሚፈልጉ አሉ። በቃለ መጠይቅ ላይ እንዲህ ተብለው ሊጠየቁ ይችላሉ፦ «ፕሮግራሙ በሠሪው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ በደንበኛው ሰርቨር ላይ ግን አይነሣም። ከየት ትጀምራለህ?» ሙያዬ ነርስነት ቢሆንም ጉዳዩ እኛንም ይነካናል። ክሊኒክ ውስጥ ሲስተሙ ሲቆም የታካሚው አለርጂና የኢንሱሊን መጠን ከፊታችን ይጠፋል።

ከጤናው ዓለም አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው የጤና መረጃ ፕሮግራም ነው፤ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ይጠቀምበታል። «ዋር» በሚባል አንድ ጥቅል ፋይል ይመጣና ቶምካት በተባለ ሰርቨር ላይ ይጫናል። ሆኖም ጥቅሉ ብቻውን ሙሉ አይደለም። ጃቫ፣ ፖስትግሬስ የተባለ የመረጃ ቋት እና ከጥቅሉ ውጭ የሚቀመጥ የማዋቀሪያ ፋይል ይፈልጋል። ታካሚ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲዛወር የመድኃኒት ዝርዝሩ ቢቀር ምን እንደሚሆን አስቡት፤ እዚህም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ይህን ተመልከቱ፦

1. መዝገቡን አንብቡ። ስክሪኑ ላይ 404 ሲወጣ ብዙ ሰው «ፋይሉ የለም» ይላል። ፋይሉ ኖሮ ፕሮግራሙ ሳይነሣ ሲቀርም ቶምካት ያንኑ 404 ያሳያል። እውነተኛው ምክንያት በሰርቨሩ መዝገብ ውስጥ ተጽፏል። ስህተቶች ተደራርበው ሲወጡ መጨረሻ ላይ ያለው «ምክንያቱ» የሚለው መስመር ብዙ ጊዜ ዋናው ነው።

2. የጃቫውን ቁጥር አወዳድሩ። ስህተቱ 55 ካለ ፕሮግራሙ የተዘጋጀው ለጃቫ 11 ነው፤ 61 ካለ ለጃቫ 17። ሰርቨሩ ላይ ያለው ከዚያ ያነሰ ከሆነ አይነሣም። ቶምካትም ራሱ ይታያል፦ ከቁጥር 10 ጀምሮ የውስጥ ስሞቹ ከ«ጃቫክስ» ወደ «ጃካርታ» ስለተለወጡ ለቶምካት 9 የተሠራ ፕሮግራም ሳይስተካከል አይሠራበትም።

3. የመረጃ ቋቱን አድራሻ እዩ። «ሎካልሆስት» ማለት «ይኸው ማሽን» ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሲዛወር ቋቱን በአዲሱ ማሽን ላይ ይፈልጋል፤ ቋቱ ግን በአሮጌው ቀርቷል። የይለፍ ቃሉንና በሩንም አረጋግጡ፤ የፖስትግሬስ የተለመደው በር 5432 ነው።

4. የፋይል ስሞችን መርምሩ። ዊንዶውስ በአብዛኛው ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ግን ይለያል። በዊንዶውስ የተገኘ ሥዕል በሊኑክስ ሊጠፋ የሚችለው ለዚህ ነው።

5. ፊደሉን ፈትኑ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት፣ አንድ የዕብራይስጥ ፊደል ሁለት ባይት ይይዛል። ከጃቫ 18 በፊት ጃቫ የሚከተለው የማሽኑን ልማድ ስለነበር፣ አንዱ ሰርቨር ላይ በትክክል የተነበበ ስም ሌላው ላይ የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል። ቋቱ ውስጥ በጥያቄ ምልክት የተመዘገበ ስም ከዚያ ተመልሶ አይገኝም። እውነተኛ መረጃ ከመግባቱ በፊት አንድ የአማርኛና አንድ የዕብራይስጥ ስም አስገብታችሁ፣ አስቀምጣችሁ፣ መልሳችሁ ክፈቱ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትንም ጻፉ። አምስት ነገር አብሮ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሰርቨር መዝገብ የይለፍ ቃልና የታካሚ ስም ሊይዝ ይችላል። እርዳታ ለመጠየቅ ወደ ዋትሳፕ ቡድን ከመላካችሁ በፊት እነዚህን አጥፉ። በእስራኤል የ1996 የታካሚ መብት ሕግ የሕክምና ምስጢርን ያስከብራል፤ ግዴታውም በሐኪምና በነርስ ብቻ አይቆምም፣ የጤና ተቋሙን ሠራተኞችም ይይዛል።

በቃለ መጠይቁም ላይ «እንደገና እጭነዋለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። «መጀመሪያ መዝገቡን አነባለሁ፣ ቀጥሎ በሁለቱ ማሽኖች መካከል ያለውን ልዩነት እዘረዝራለሁ» በሉ። ቀጣሪው መስማት የሚፈልገው የምትሠሩበትን ሥርዓት ነው።