ከዓይን ሕክምና በኋላ ተመልሶ የመጣ ሕመም

ሌሊት ታክሲ የሚነዳ አንድ ወገናችንን ለምሳሌ እንውሰድ። ከፊት ለፊት የሚመጣ የመኪና መብራት ይበተንበታል፤ አንዱ መብራት ሁለትና ሦስት ሆኖ ይታየዋል። መነጽር በየጊዜው ቢቀይርም አልሆነለትም። በመጨረሻ ወደ ሐኪም ቀርቦ ኬራቶኮነስ የሚባል የዓይን ሕመም እንዳለበት ይነገረዋል። ሕክምናውን አግኝቶ ቤቱ ይገባል። ሦስት ቀን ዓይኑን ሲያቃጥለው ሰንብቶ ቀለል ይለዋል። በአምስተኛው ቀን ግን ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፤ ብርሃን ማየት ያቅተዋል። «ያምሃል ብለውኝ የለ!» ይልና ማስታገሻ ክኒን ውጦ ሥራ ይገባል። ትልቁ ስሕተት ይህ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የዓይንን ብሌን ከፊት የሚሸፍነው፣ እንደ መስተዋት ጥርት ያለው ስስ አካል ኮርኒያ ይባላል። ኬራቶኮነስ የያዘው ሰው ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣና እይታውን ያዛባዋል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ ይጀምርና ለዓመታት እየባሰ ይሄዳል። ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ያባብሰዋል። እንደ አገራችን ባሉ ፀሐይና አቧራ በበዛባቸው አካባቢዎች ብዙ ልጆች በዓይን አለርጂ ይቸገራሉ። ስለዚህ ልጅነቱን ዓይኑን ሲያሽ ያሳለፈና መነጽር አልስማማው ያለ ሰው ኮርኒያውን ቢመረመር ይበጀዋል።

ሕክምናውስ?

በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። ክሮስሊንኪንግ የሚባለው ይህ ሕክምና በአሜሪካ የተፈቀደው በ2016 ነው። በተለመደው አሠራር ዓይኑ ከደነዘዘ በኋላ የኮርኒያው የላይኛው ስስ ልጥ ይነሳል፤ ቫይታሚን ቢ2 ለ30 ደቂቃ ያህል እየተንጠባጠበ ይገባል፤ ቀጥሎም የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። ይህም የኮርኒያውን ጭረቶች እርስ በርስ አስተሳስሮ ያጠነክራቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ሕክምናው ሕመሙ እንዳይብስ ያቆማል እንጂ የተዛባውን እይታ አያስተካክልም። አብዛኛው ታካሚ ከዚያም በኋላ መነጽር ወይም ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ያስፈልገዋል። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እይታው እንደ ጉም ሊደበዝዝ ይችላል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ እየጠራ ይሄዳል።

አደጋው የት ላይ ነው?

የተነሳው ልጥ የዓይን አጥር ነው። አጥሩ እስኪታጠር ድረስ፣ ማለትም ለጥቂት ቀናት፣ ዓይኑ ለተሕዋስያን የተጋለጠ ነው። ኢንፌክሽን የሚደርስበት ሰው ጥቂት ቢሆንም የደረሰበት ግን ኮርኒያው ላይ ጠባሳ ሊቀርበት፣ ከባሰም የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ሊያስፈልገው ይችላል። በከንፈር ላይ ወጥቶ በተለምዶ «ምች» የምንለውን ቁስል የሚያመጣው ሄርፒስ የተባለው ቫይረስም ከሕክምናው በኋላ በዓይን ውስጥ ሊነሳ ስለሚችል፣ ከዚህ በፊት በተለይ ዓይኑን ይዞት የሚያውቅ ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት።

የሚጠበቀው ሕመም ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል። ቀለል ካለ በኋላ የተመለሰ ወይም እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ግን ማስጠንቀቂያ ነው። የዓይን መቅላት፣ ብርሃን መፍራት፣ መግል፣ በኮርኒያው ላይ ነጭ ነጥብ መታየት ወይም የእይታ በድንገት መቀነስ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

ዓይንን አለማሸት፣ የታዘዘውን ጠብታ በሰዓቱ ማድረግ፣ ሐኪሙ ያስቀመጠውን መከላከያ ሌንስ በራስ ፈቃድ አለማውለቅ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሽንኩርት የከተፈና በርበሬ የነካ እጅ ወደ ዓይን እንዳይጠጋ፤ ከዕጣንና ከቡና ጭስም ራቅ ማለት ይሻላል። የቧንቧ ውሃም ቢሆን ተሕዋስያን ሊኖሩት ስለሚችል፣ ጠበል የሚጠመቁ ሰዎች ልጡ እስኪድን ቢቆዩ ወይም ውሃው ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ ቢጠነቀቁ መልካም ነው።

ከጎረቤት የተረፈ ወይም ከአገር ቤት የመጣ ጠብታ መጠቀም አደገኛ ነው። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲደረግ ኢንፌክሽንን ደብቆ ሊያባብስ፣ የዓይንንም ግፊት ሊጨምር ይችላል። ማደንዘዣ ጠብታን ደጋግሞ ማድረግ ደግሞ ኮርኒያውን ይጎዳል።

በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት የገንዘብ እርዳታ የሚያገኙ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ታካሚ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅን ወይም ጓደኛን ከማስቸገር አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። ከሆስፒታል ከመውጣት በፊትም «ሌሊት ቢያመኝ ማን ዘንድ ልደውል?» ብሎ ጠይቆ ስልኩን መያዝ ያስፈልጋል።

የአንድ ሳምንት ደመወዝ ቀርቶ በሌላ ሳምንት ይተካል፤ የጠፋ ዓይን ግን ምትክ የለውም። የታክሲ ሹፌሩ ያንን ቀን መሪውን ትቶ ስልኩን ቢያነሣ ኖሮ ዓይኑን የማዳን ዕድሉ በጣም ይሰፋ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።