መልሱን ከማየታችሁ በፊት፦ እንግሊዝኛን ለፈተና ስንለማመድ ጭንቅላታችን ውስጥ ምን ይቀራል?

ፈተና ሲቃረብ ቴሌግራም በፒዲኤፍ ይጥለቀለቃል። የግራመር ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ «የግድ የሚመጡ» ቃላት ዝርዝር፣ የቆዩ የማትሪክ ወረቀቶች፣ ከየቲዩተሩ የተሰበሰቡ ወርክሺቶች። ብዙ ተማሪ ፋይሉን ይከፍትና ጥያቄውን ያነባል፤ ዓይኑ ወዲያው መልሱ ላይ ያርፋል፤ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ይልና ወደ ቀጣዩ ያልፋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ መቶ ጥያቄ «ተሠራ» ማለት ነው። ተሠራ እንዴ? ስለ ማስታወስ የተደረጉ ጥናቶች የሚሉት ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ልምምድ የሚያሳድገው በራስ መተማመናችንን እንጂ እውቀታችንን አይደለም።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። ጥያቄው ካልገባ መልሱን ማወቅ ምንም አይፈይድም። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ማሳበብ አይቻልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን አንድ ተማሪ ብቻውን፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ካለ አንዱ የልምምድ ዘዴው ነው።

14 ጊዜ ያነበቡት ተሸነፉ

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስበው አጫጭር የሳይንስ ምንባቦችን ሰጧቸው። አንደኛው ቡድን በአራት ዙር ደጋግሞ እንዲያነብ ተደረገ፤ በአማካይ ምንባቡን 14 ጊዜ ያህል አንብቦታል። ሌላኛው ቡድን ያነበበው በመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው፤ በአማካይ 3 ጊዜ ከምናምን። በቀሩት ሦስት ዙሮች ምንባቡ ተወሰደና ባዶ ወረቀት ተሰጠው፦ የምታስታውሱትን ጻፉ።

ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፦ 83 በመቶ ለ71። ሙከራው እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሁላችንም «ማንበብ ይሻላል» ብለን እንሄድ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የታገሉት 61 በመቶ አስታወሱ። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላው ክፍል ነው፦ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ ቀድመው ሲጠየቁ የበለጠ እርግጠኛ የነበሩት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች ጥያቄውን በቃላት ላይ ሞከሩት። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላት ከነትርጉማቸው ተሰጧቸው፤ ለምሳሌ «ማሹዋ» ማለት ጀልባ። አንዳንዶቹ አንድን ቃል አንዴ በትክክል ካስታወሱት በኋላም በዚያው ቃል መጠየቃቸው ቀጠለ። ለሌሎቹ ግን «ይሄንንስ አውቃችሁታል» ተብሎ ቃሉ ከጥያቄው ዝርዝር ወጣ። ከሳምንት በኋላ መጠየቅ ያላቆሙት 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። መጠየቅ ያቆሙት፣ ቃሉን ማንበብ ቢቀጥሉም እንኳ፣ አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ።

ጫካ ውስጥ እንዳለ የእግር መንገድ አስቡት። ማንበብ ዕቃውን መንገዱ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። ፈተና አዳራሽ ውስጥ የሚያስፈልገን ግን እዚያ ደርሶ ዕቃውን ይዞ መመለስ ነው፤ መንገዱ የሚጠረገውም በመመላለስ ብቻ።

ምርጫው ሲያታልል

ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች ደግሞ የራሳቸው ተንኮል አላቸው። «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ፊታችሁ ተደርድሮ መልሱን ማወቅና መልሱን ከባዶ ማምጣት አንድ አይደሉም። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ (የኢንጂነሪንግ ልጅ ስለሆንኩ ታገሡኝ)። 20 ጥያቄ ባለው ወርክሺት ላይ 8ቱን በእርግጠኝነት ታውቃላችሁ እንበል። የቀሩትን 12 በግምት ብታከብቡ፣ ከአራት ምርጫ አንዱን ስለምትመቱ በአማካይ 3 ይገኛል። ድምር 11። ወረቀቱ 11 ይላል፤ የምታውቁት ግን 8 ነው። ይባስ ብሎ ያቺ በዕድል የተገኘች 3 «ይሄን ርዕስ ጨርሻለሁ» ብላችሁ እንድታልፉት ታደርጋለች።

መፍትሔው ወጪ የለውም። ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኑ፤ መልሱን በራሳችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ምርጫውን ክፈቱ። የገመታችሁት ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት። ከታረመ በኋላ ምልክት ያለበት ሁሉ፣ ትክክል ቢሆንም፣ እንዳልታወቀ ይቆጠር።

አማርኛችን የት ያግዛል፣ የት ያደናቅፋል?

ግራመር ላይ ሁሉንም ሕግ እኩል መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው። በአማርኛ የምናስብ ሰዎች የምንሳሳትባቸው ቦታዎች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው፤ ልምምዱም እዚያ ቢበረታ ይሻላል።

«ፊልሙን ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ምንም ስህተት የለበትም። በቁሙ ሲገለበጥ «አይ ሃቭ ሲን ዘ ፊልም የስተርዴይ» ይሆናል፤ ይሄ ደግሞ ስህተት ነው። ፕሬዘንት ፐርፌክት ያለፈውን ነገር ከአሁን ጋር የሚያገናኝ ግሥ ስለሆነ፣ «የስተርዴይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኢን 2010» የሚሉ የተዘጉ ጊዜያት አብረውት አይቆሙም። ትክክሉ «አይ ሶው» ነው። ፈተና አውጪ ይህን ወጥመድ ይወደዋል፤ ስለዚህ ባዶ ቦታውን ከመሙላታችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የጊዜ ቃል ፈልጉ።

ሁለተኛው «በ» ነው። በጠዋት፣ በሁለት ሰዓት፣ በአውቶቡስ፣ በቢላ፤ ለእኛ አንዲት ፊደል ሁሉንም ትችላለች። እንግሊዝኛ ግን «ኢን»፣ «አት»፣ «ባይ»፣ «ዊዝ» ብሎ ይበታትናታል። እዚህ ላይ ትርጉም ብዙ አይረዳም። ከስሙ ጋር አያይዞ እንደ አንድ ቃል መያዝ ነው፦ «ባይ ባስ»፣ «ዊዝ ኤ ናይፍ»።

አማርኛ የሚያግዝበትም አለ። «የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ «የት እንዳለ ታውቃለህ?» ይሆናል፤ ግሡ መልኩን ቀየረ። እንግሊዝኛም የራሱን ለውጥ ያደርጋል፦ «ዌር ኢዝ ሂ?» የነበረው «ዱ ዩ ኖው ዌር ሂ ኢዝ?» ይሆናል። አማርኛው ላይ «እንዳለ»፣ «እንደሄደ» የሚመስል ግሥ ከሰማችሁ፣ እንግሊዝኛው ላይ የጥያቄ ቅደም ተከተሉን ተዉት። «ነገ ከመጣ እነግረዋለሁ» የሚለውንም ተመልከቱ፤ ነገሩ የነገ ነው፣ ግሡ ግን «መጣ» ነው። እንግሊዝኛም «ኢፍ» ካለ በኋላ «ዊል» አይፈልግም፤ «ኢፍ ሂ ካምስ» ይላል። መልኩ ቢለያይም ሁለቱም ቋንቋዎች እዚያ ቦታ ላይ የወደፊት ግሥ አያስገቡም።

ስትለማመዱ ርዕሶቹን ቀላቅሏቸው። «ፕሬዘንት ፐርፌክት» የሚል ርዕስ የተጻፈበት ወርክሺት መልሱን ገና ከላይ ነግሯችኋል፤ ፈተናው ግን ርዕስ አይጽፍም። ዳግ ሮረር እና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት የሒሳብ ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል፦ አንድ ዓይነት ጥያቄ በተከታታይ የሠሩ ተማሪዎች በልምምዱ ወቅት 89 በመቶ አገኙ፣ ቀላቅለው የሠሩት 60። ከሳምንት በኋላ ግን 20 ለ63። ግራመር ሒሳብ አይደለም፤ ሆኖም «የትኛውን ሕግ ልጠቀም?» ብሎ መምረጥ በሁለቱም ውስጥ አለ።

ከአምስት ቃል አራቱን ብታውቁስ?

ወደ ምንባብ እንለፍ። እስቲ ይህቺን አንብቡ፦

«አርሶ አደሩ ማሳውን ሁለት ጊዜ ከዘመጠ በኋላ ስንዴውን ዘራ። ዝናቡ ግን ስለቀረፈዘ ቡቃያው ሁሉ ተገለዘ። በዚህ የተነሳ ጎረቤቶቹ ርምዝ ሰጡት።»

20 ቃላት አሉ፤ አራቱን እኔ ፈጠርኳቸው። 80 በመቶውን ታውቃላችሁ ማለት ነው። ዝናቡ በዛ ወይስ ጠፋ? ቡቃያው አማረ ወይስ ደረቀ? ጎረቤቶቹ የሰጡት ብድር ነው፣ ምክር ነው ወይስ ስድብ? የመጀመሪያውን ቃል «አረሰ» ብላችሁ ገምታችሁ ይሆናል፤ የቀሩት ላይ ግን አልተቻለም። በአማርኛ፣ በገዛ ቋንቋችን፣ እንዲህ ከሆነ እንግሊዝኛው ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ይህን ጉዳይ ማርሴላ ሁ እና ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 መርምረውታል። 80 በመቶ ቃላቱን ብቻ ያወቁ አንባቢዎች ውስጥ ታሪኩን በበቂ የተረዳ አልተገኘም። 95 በመቶ ላይ ጥቂቶች ተረዱ። አብዛኛው ሰው ያለ እርዳታ እንዲረዳ የሚያስፈልገው 98 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ50 ቃል አንድ እንግዳ ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። «የማታውቁትን ቃል ከዐውዱ ገምቱ» የሚለው ምክር የሚሠራው ዐውዱ ራሱ ሲገባ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ እንግዳ በሆነበት ምንባብ ላይ ባዶ ምክር ነው። ሁለተኛ፣ ለልምምድ የምትመርጡት ጽሑፍ አቅማችሁን የሚመጥን ይሁን። አንድ ገጽ ወስዳችሁ 100 ቃል ቁጠሩ፤ ከሁለት ሦስት በላይ እንግዳ ቃል ካለበት ለጊዜው ወደ ቀለል ያለው ውረዱ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የ9ኛ ክፍልን መጽሐፍ ማንበቡ የሚያሳፍር አይደለም።

ቃላትን ስትይዙ ደግሞ በቤተሰብ ያዟቸው። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት ዝምድናቸው ወዲያው ይታየናል። «ዲሳይድ»ን ስትጽፉም «ዲሲዥን»ን እና «ዲሳይሲቭ»ን አጠገቡ አስፍሩ። ምንባቡን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ጥያቄዎቹ አትሩጡ፤ ዝጉትና ምን እንዳለ በሦስት መስመር ጻፉ። የሮዲገርና የካርፒክ ባዶ ወረቀት ይኸው ነው።

መቼ እንመለስ?

ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ ራሱን እየፈተነ እንዳሳየው፣ የመርሳት ፍጥነቱ ከፍተኛ የሚሆነው መጀመሪያ ላይ፣ በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ከዚያ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ድጋሚ ጥያቄ በማግሥቱ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀጥሎ ያለው ክፍተት ፈተናው በራቀ ቁጥር ይሰፋል። ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ትልቅ ጥናት፣ ፈተናው ከሳምንት በኋላ ለሆነ ሰው የአንድ ቀን ክፍተት ተመራጭ ሲሆን፣ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ግን ሦስት ሳምንት ያህል ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ለመከታተል አፕ መጫን አይጠበቅባችሁም። ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ በባዶ የጫማ ካርቶን ይሠራል። ደብተር ቆርጣችሁ ካርድ ሥሩ፤ ፊት ለፊቱ ላይ ባዶ ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ወይም የአማርኛ ቃል፣ ጀርባው ላይ መልሱ። ካርቶኑን ሦስት ቦታ ክፈሉት። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ ይጠየቃል፣ ሁለተኛው በየሳምንቱ፣ ሦስተኛው በየሦስት ሳምንቱ። የመለሳችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ የሳታችሁት ከየትም ክፍል ይሁን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ካርዱን ለማስታወስ የምትታገሉባት ደቂቃ ናት የምትጠቅመው፣ መልሱን ለማየት አትቸኩሉ።