የባዮፊውል ጥሬ ዕቃ፦ ከጎመንዘር እስከ እምቦጭ

ዕፅዋት በብርሃን አስተጻምሮ አማካይነት የፀሐይን ኃይል በስኳር፣ በስታርች፣ በዘይትና በሴሉሎስ መልክ ያከማቻሉ። ባዮፊውል የምንለው ይህ ክምችት ለሞተር እንዲስማማ ሆኖ ሲለወጥ የሚገኘውን ነዳጅ ነው። የአለዋወጡ ኬሚስትሪ በአመዛኙ የታወቀ በመሆኑ፣ ዛሬ ተመራማሪዎችን ይበልጥ የሚያከራክራቸው ነዳጁ ከምን ይሠራ የሚለው ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥቂት አማራጮችን እየተመለከትን እያንዳንዱን በአንድ ጥያቄ እንመዝናለን፦ ይህ ጥሬ ዕቃ ለነዳጅ ሲውል ከማን ይወሰዳል?

ነባሩ መንገድ

ከሸንኮራ አገዳ ወይም ከበቆሎ የሚገኘውን ስኳር እርሾ ወደ ኢታኖል ይለውጠዋል። የዕፅዋት ዘይት ደግሞ በካታሊስት አጋዥነት ከሜታኖል ጋር ሲዋሃድ ባዮዲዝልና ግሊሰሮል ይሰጣል። ሁለቱም ዘዴዎች ቀላል ቢሆኑም ጥሬ ዕቃቸው ብዙውን ጊዜ የምግብ ሰብል ነው።

በአገራችን ይህን ሽሚያ ለማስቀረት የተመረጠው ሞላሰስ፣ ማለትም ስኳር ተመርቶ ካበቃ በኋላ የሚቀረው ወፍራም ፈሳሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተመረተ ኢታኖል በአዲስ አበባ 5 በመቶ ያህል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2011 መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ይሁን እንጂ ሞላሰስ የሚገኘው በስኳር ምርት ልክ ብቻ ስለሆነ ሌላ ምንጭ መፈለግ ግድ ይላል።

ከጃትሮፋ የተገኘው ትምህርት

በ2000ዎቹ ዓመታት ጃትሮፋ በአፍሪካና በእስያ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ዘሩ መርዛማ በመሆኑ ከምግብ ጋር አይሻማም፣ በተራቆተ መሬትም ይበቅላል ተባለ። ተክሉ በደረቅ መሬት መኖሩ እውነት ነው፤ መኖርና ማፍራት ግን የተለያዩ ናቸው። በቂ ዘይት እንዲሰጥ ውኃና ማዳበሪያ ያሻዋል፤ እነዚህ ደግሞ የሚገኙት ሰብል በሚዘራበት መሬት ላይ ነው። በዚህም ምክንያት በርካታ የጃትሮፋ እርሻዎች ተትተዋል።

ጎመንዘር በሰማይ

ቅጠሉን ለወጥ፣ ዘሩን ለምጣድ ማሰሻ የምንጠቀምበት ጎመንዘር በሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል። በዘይቱ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኢሩሲክ አሲድ 22 የካርቦን አቶሞች የተቀጣጠሉበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ይህ ባሕርይው ለምግብ ዘይትነት እምብዛም ተመራጭ ባያደርገውም ለነዳጅ ይጠቅማል፤ ኦክስጅኑ በሃይድሮጅን ከተወገደና ሰንሰለቱ ከተቆራረጠ የጄት ነዳጅ ይወጣዋልና። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ከዚህ ተክል በተሠራና ከሌላ ነዳጅ ጋር ባልተደባለቀ ባዮፊውል አነስተኛ ጄት አበረረ።

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ጎመንዘር የሚዘራው በዋና ሰብሎች መካከል፣ ማሳው ባዶ በሚሆንበት የክረምት ወራት እንዲሆን ታስቦ ነው። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎም በፕሮቲን የበለፀገ መኖ ነው። ይህ መልካም መፍትሔ ቢሆንም እንዳለ ተገልብጦ ወደ ደጋችን ሊመጣ አይችልም። በእኛ ዘንድ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ጦሙን አያድርም፤ ከብት ቃርሚያውን ይግጥበታል፤ ዝናቡም ያን ጊዜ አብቅቷል።

ጭድና ገለባ

ሴሉሎስ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ሆኖም ሊግኒን የተባለው ጠንካራ ቁስ ስለሚከበው በቀላሉ አይፈታም። በመሆኑም ገለባው በመጀመሪያ በሙቀት ወይም በአሲድ ይታከማል፤ ከዚያም ከሻጋታ የሚገኙ ኢንዛይሞች ሰንሰለቱን ይበጣጥሱታል። ከዚሁ ጋር የሚወጣውን ዛይሎስ የተባለ ስኳር ተራው እርሾ ማብላላት ስለማይችል ተመራማሪዎች የሌሎች ሕያዋን ዘረመል እየጨመሩ አዳዲስ የእርሾ ዓይነቶችን ፈጥረዋል።

ጥያቄያችን ግን እዚህም ይከተለናል። የጤፍ ጭድ የበሬ መኖ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ግድግዳ ይለሰንበታል። የበቆሎ አገዳ ማገዶና አጥር ነው። ፋብሪካ "ተረፈ ምርት" የሚለው ነገር በገበሬው ቤት ቦታ አለው። ጭዱ ሲወሰድ በሬው ሌላ መኖ ካላገኘ ነዳጁ የተገኘው ከምግብ ላይ ነው ማለት ነው። ከዚህ አንጻር በየማዘጋጃ ጣቢያው ተከምሮ ወንዞችን የሚበክለው የቡና ገለፈት የተሻለ እጩ ነው።

ባለቤት የሌለው አረም

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ የታወቀውን እምቦጭ ማንም የእኔ ነው አይልም። ይሁንና ከእርጥብ ክብደቱ 90 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ስለሆነ ለማድረቅ የሚጠፋው ኃይል የሚገኘውን ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ የሚስማማው እርጥበትን የሚፈልገው የባዮጋዝ ዘዴ ነው፤ በዚህ ዘዴ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አረሙን ወደ ሚቴን ይለውጡታል። ይህም ሆኖ እምቦጭን የምንሰበስበው እንዲጠፋ እንጂ እንዲቀጥል አይደለም። በእርሱ ብቻ የሚተማመን ተቋም የአረሙን ዕድሜ ይመኛል።

እንግዲህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ጥሬ ዕቃ የለም። ጠንካራ ኢንዛይም፣ የተሻሻለ እርሾና ምርታማ ዘር ለማግኘት የሚደረገው ምርምር አስፈላጊ ነው። በዚህ መስክ ለመሠማራት የሚያስብ ተማሪ ግን ከሙከራው አስቀድሞ ጥሬ ዕቃው ወዳለበት መንደር ሄዶ በአሁኑ ጊዜ ማን ለምን እንደሚጠቀምበት ቢጠይቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል።