በበረሃ ዳር ያለ ቤተ መንግሥት እንግዳ መቀበያ ሲሆን

በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ ራጃስታን በሚባለው ግዛት፣ በታር በረሃ ዳር ጆድፑር የምትባል ከተማ ትገኛለች። የጥንቱ መንግሥቷ ማርዋር ይባል ነበር፤ ስሙም «የሞት ምድር» ተብሎ ይተረጎማል። ዝናም የማይበረክትበት አገር በመሆኑ ስያሜው ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ከዴልሂ ወደ ጉጃራት የሚወስደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ በዚያ ያልፍ ስለ ነበር፣ ሐርና መዳብ፣ ቴምርና ቡና ይመላለስበት ነበር። በህንድ ሁሉ የታወቁት የማርዋሪ ነጋዴዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ምድር ነው። አፈሩ ያላበላው ሰው ወደ ሚዛን መዞሩ አያስገርምም።

በ1920ዎቹ ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ድርቅ ደጋግሞ ስለ መጣ ሕዝቡ ተራበ። የጊዜው ገዥ መሐራጃ ኡመይድ ሲንግ ለተራበው የቀን ሥራ እንዲገኝ በማሰብ ኖቬምበር 18 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ ቤተ መንግሥት የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። ንድፉን ያወጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ቮን ላንቸስተር ነበር። ከ2,000 እስከ 3,000 የሚደርሱ ሠራተኞች በሥራው ላይ ዋሉ፤ ወርቅ መሰል ቀለም ያለው ጥርብ ድንጋይ ያለ ኖራ እርስ በርሱ እየተሰካካ ተገነባ። በ1943 ዓ.ም. ሲፈጸም 347 ክፍሎች ነበሩት፤ ወጪውም ወደ 11 ሚሊዮን ሩፒ ተገምቷል። አስመጪዎች በሚገባ የሚያውቁት መከራም አልቀረለትም፤ ከለንደን የታዘዘው የቤት ዕቃ በ1942 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከነመርከቡ ሰጠመ። ስለዚህ ከጦርነት የሸሸው ፖላንዳዊው ሠዓሊ ስቴፋን ኖርብሊን የውስጡን ጌጥ እንደ ገና ነደፈ።

መሐራጃው ቤቱን የኖሩበት አራት ዓመት ብቻ ነው፤ በ1947 ዓ.ም. ዐረፉ። ጆድፑርም በ1949 ዓ.ም. ከራጃስታን ጋር ተቀላቀለች። ለቀድሞ ገዥዎች ይከፈል የነበረውን የዓመት አበል የህንድ መንግሥት በ1971 ዓ.ም. በሕገ መንግሥት ማሻሻያ አስቀረው። እንግዲህ ወራሹ ጋጅ ሲንግ 347 ክፍል ያለው፣ በየዓመቱ ጥገና የሚጠይቅ፣ ገቢ ግን የሌለው ቤት በእጃቸው ቀረ። ቢሸጡት የአያታቸው መታሰቢያ ይጠፋል፤ ቢዘጉት ይፈርሳል። እሳቸው ግን ቤቱን በሦስት ከፈሉት፤ አንዱ ለቤተ ሰቡ መኖሪያ፣ አንዱ ቤተ መዘክር፣ አንዱ ሆቴል ሆነ። ሆቴሉን ዛሬ የሚያስተዳድረው በዚህ ሙያ የቆየው የህንዱ የታጅ ኩባንያ ነው።

እንግዳው ከበረሃው ሐሩር ወደ ታላቁ ጉልላት ጥላ ሲገባ ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ ይገባዋል። ምድር ቤት የዐሥራ ሁለቱ ከዋክብት ሥዕል ያለበት መዋኛ ገንዳ አለ። (ውሃ እንደ ገንዘብ በሚቆጠርበት አገር ይህ ምቾት ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም።) የሌሊቱ ኪራይ እጅግ ውድ ነው፤ አልጋና ምግብ ብቻ ቢሆን ማንም አይከፍለውም። የሚሸጠው የንጉሥ ጎረቤት ሆኖ ማደር ነው፤ ይህም ዕቃ ከየትም አገር በመርከብ አይመጣም፤ ባዶ ሜዳ ላይ የሚቆም አዲስ ሆቴልም አያገኘውም።

ከሰገነቱ ማዶ በዐለት ላይ የቆመው የመህራንጋር ምሽግ ይታያል፤ ራኦ ጆድሃ በ1459 ዓ.ም. የቆረቆሩት ሲሆን፣ የመድፍ ጥይት ምልክት እስከ ዛሬ በበሩ ላይ አለ። ምሽጉን የሚጠብቀው የቤተ መዘክር ማኅበር በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። በአጠገቡ ጃስዋንት ታዳ የተባለው የነጭ እብነ በረድ መታሰቢያ ይገኛል፤ ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ የፀሐይ ብርሃን ያሳልፋል።

ከምሽጉ በታች፣ በሰማያዊ ቀለም ከተቀቡት ቤቶች መካከል፣ በሰዓት ማማው ዙሪያ ገበያ አለ። ቅመም፣ ጨርቃ ጨርቅና የእጅ ሥራ ይሸጥበታል፤ የከተማዋ የእንጨት ዕቃም ወደ ውጭ አገር በብዛት ይላካል። በገበያው ውስጥ ማደሪያውን አስቀድሞ የተናገረ እንግዳ ዋጋ ለመከራከር አይመቸውም። ለመጓዝ ያሰበ ነጋዴ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለውን ጊዜ ይምረጥ፤ በሜይ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል።