የአሜሪካና የአውሮፓ መኪኖች ለምን አይመሳሰሉም?

እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለት ዝነኛ መኪኖች ለገበያ ቀረቡ። አንዱ የዓመቱ የአሜሪካ ካዲላክ ነው፤ ርዝመቱ 5.7 ሜትር ገደማ፣ ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደርና 6.4 ሊትር። ሌላዋ የእንግሊዟ ሚኒ ናት፤ ርዝመቷ 3.05 ሜትር፣ ሞተሯ 848 ሲሲ ብቻ። የካዲላኩ ሞተር የሚኒን ከሰባት እጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱም ግን ሰው አሳፍረው መንገድ ላይ የሚሄዱ መኪኖች ናቸው። ታዲያ አንድ ዓይነት ፊዚክስ የተማሩ መሐንዲሶች በአንድ ዘመን እንዲህ የተራራቀ ነገር እንዴት ሠሩ?

ብዙ ሰው "አሜሪካኖች ትልቅ ነገር ይወዳሉ፤ አውሮፓውያን ቁጥብ ናቸው" ብሎ ያልፈዋል። ምርጫ የራሱ ድርሻ አለው። ዋናው ምክንያት ግን ያለው መንገዱ፣ ነዳጁና ግብሩ ላይ ነው።

ሁለት ዓይነት መንገድ

በ1950ዎቹ አሜሪካ በነዳጅ ምርት ከዓለም አንደኛ ነበረች፤ ቤንዚን ርካሽ ነው። ከተሞቿ የተራራቁ፣ መንገዶቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። በ1956 ደግሞ 66,000 ኪሎ ሜትር ያህል ፈጣን አውራ ጎዳና የሚያስገነባ ሕግ ወጣ። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሳይደክም መድረስ።

አውሮፓ ሌላ ነው። የቆዩት ከተሞች መንገዳቸው የተሠራው ለጋሪና ለፈረስ ስለነበር ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። በብዙ አገሮች ሞተር በተለቀ ቁጥር ግብር ይጨምራል። ነዳጁም ከውጭ የሚገባ ነው። በ1956 የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ ብሪታንያ ቤንዚን በራሽን እስከማደል ደረሰች። አሌክ ኢሲጎኒስ ሚኒን እንዲነድፍ የታዘዘው ከዚህ ችግር በኋላ ነው።

ምቾት በላስቲክና በድንጋይ

አሁን ቀላል ሙከራ እንሥራ። ትንሽ ድንጋይ በአንድ ላስቲክ አንጠልጥሉና ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ቀስ እያለ ላይ ታች ይዋዥቃል። ቀጥሎ ተመሳሳይ የሆኑ አራት ላስቲኮችን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ያንኑ ድንጋይ አንጠልጥሉ። ውዝዋዜው በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ድንጋዩን በከባድ ብትለውጡት ደግሞ ተመልሶ ይዘገያል።

መኪናም እንደዚሁ ነው። ድንጋዩ የመኪናው አካል ሲሆን ላስቲኩ ደግሞ ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ሞላ ወይም ባሌስትራ ነው። የዘመኑ ትልልቅ የአሜሪካ መኪኖች ከባድ አካል በለስላሳ ሞላ ላይ ስለተጫነባቸው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ይዋዥቃሉ። ሰውነታችን ይህን በቀላሉ ይችለዋል። ቁጭ ያለን ሰው ይበልጥ የሚያስቸግረው በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚደጋገም ላይ ታች የሚል ንዝረት ነው። በዚያ ላይ የካዲላኩ የፊትና የኋላ ጎማዎች በ3.3 ሜትር ስለሚራራቁ ጉብታ ላይ ሲወጣ አፍንጫው ብዙ አይነሳም። ተሳፋሪው ሶፋ ላይ የተቀመጠ ያህል ነው።

ችግሩ ኩርባ ላይ ይመጣል። መኪና ሲታጠፍ አካሉ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ሞላው ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ማዘንበሉ ይብሳል። ቀጥ ባለ ጎዳና ላይ ይህ ብዙም አያሳስብም። ተራራ ላይ ግን ያሳስባል። ሚኒ በሞላ ፋንታ አሌክስ ሞልተን የነደፋቸው ሾጣጣ ላስቲኮች ተገጠሙላት፤ ጎማዎቿም ወደ አራቱ ማዕዘን ተገፉ። ስትሄድ ታንገጫግጫለች፣ ስትታጠፍ ግን መሬቱን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። ከራሷ በጣም የሚበልጡ ሞተሮች በተሰለፉበት የሞንቴ ካርሎ ራሊ በ1964፣ በ1965 እና በ1967 ያሸነፈችው በዚህ ጠባይዋ ጭምር ነው።

እንዲህ ሲባል ግን አውሮፓ ውስጥ ለስላሳ መኪና አልነበረም ማለት አይደለም። የፈረንሳዩ ሲትሮየን ዲ ኤስ በ1955 ጋዝና ዘይትን በሞላ ምትክ ተጠቅሞ እጅግ ምቹ መኪና ሆኗል።

ካምቢዮና ፍሪሲዮን

ሞተር በዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ማርሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ብስክሌት ይዛችሁ ዳገት ስትወጡ እንደምትቀይሩት ማለት ነው። በማኑዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉን ስትለቁት ሁለት ዲስኮች ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ፤ የሚባክን ጉልበት የለም ማለት ይቻላል። (ካምቢዮም ፍሪሲዮንም ከጣልያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው።)

የአሜሪካው ኦልድስሞቢል ለ1940 ሞዴሎቹ ሌላ መንገድ አመጣ፤ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ሁለት ቬንቲሌተሮች ፊት ለፊት አስቀምጡና አንዱን ብቻ አብሩት። የሚነፍሰው አየር የጠፋውንም ያዞረዋል። አውቶማቲኩ ውስጥ በአየር ፋንታ ዘይት ይሠራል። ሹፌሩ ፍሪሲዮን መርገጥ ቀረለት። ሆኖም ዘይቱ ስለሚንሸራተት ከጉልበቱ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

እዚህ ጋ ሁለቱን መኪኖች አስታውሱ። 325 የፈረስ ጉልበት ያለው ካዲላክ ትንሽ ቢባክንበት ምንም አይመስለውም። ሚኒ ያላት 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ እሷ ላይ ግን ያ ብክነት ዳገት በመውጣትና ባለመውጣት መካከል ያለ ልዩነት ይሆናል። አውሮፓውያን ማኑዋልን ለረጅም ጊዜ የሙጥኝ ያሉት እንዲሁ ወግ ወደው አይደለም።

መልክ

የ1959ኙ ካዲላክ ከኋላው ትልልቅ ክንፎች ነበሩት። ይህ ፋሽን የተጀመረው በ1948 ሲሆን የጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ኃላፊ የነበረው ሃርሊ ኧርል ሐሳቡን ያገኘው ፒ-38 ከተባለው የጦር አውሮፕላን ነው። ክንፎቹ መኪናውን አያበሩትም። ሥራቸው አምና የተገዛው መኪና ዘንድሮ ያረጀ እንዲመስል ማድረግ ነበር። ኢሲጎኒስ በበኩሉ ሞተሩን አግድም አስቀመጠው፣ ካምቢዮውንም ከሥሩ አደረገው፤ በዚህም ከሚኒ ወለል 80 በመቶ ያህሉ ለሰውና ለዕቃ ተረፈ። የሚኒ መልክ የመጣው ከዚህ የቦታ ቁጠባ ነው።

ሁኔታው ሲለወጥ

ምክንያቱ በእርግጥ መንገዱና ነዳጁ ከሆነ፣ እነሱ ሲለወጡ መኪናውም መለወጥ አለበት። ተለውጧልም። በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ አሜሪካ ተናወጠች፤ በ1975 የመኪኖችን የነዳጅ ፍጆታ የሚገድብ ሕግ አወጣች፤ ጄኔራል ሞተርስም በ1977 ትልልቅ መኪኖቹን አሳጠረ፣ አቀለለ። አውቶማቲክ ካምቢዮም ብክነቱ ሲቀንስ አውሮፓ ውስጥ ተስፋፋ።

ሌላውን ማስረጃ አዲስ አበባ ውስጥ አይታችሁታል። ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና የምናውቃት ላዳ መነሻዋ የጣልያኗ ፊያት 124 ናት። የሶቪየት መሐንዲሶች ግን እንዳለች አልወሰዷትም። ለሻካራው መንገዳቸው ብለው ቆርቆሮዋን አወፈሩት፣ ሰስፔንሽኗን አጠነከሩት፣ ከመሬት ከፍም አደረጓት። ያው መኪና፣ ሌላ መንገድ።

ዛሬ ጥያቄው ወደ እኛም መጥቷል። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ስለሚሰጥ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ ማርሽ ይበቃቸዋል፤ የማኑዋልና የአውቶማቲክ ክርክር በዚሁ ያበቃል። የምቾቱ ጉዳይ ግን አያበቃም። ባትሪው ከባድ ነው፤ ከባድ አካል ጠንካራ ሞላ ይፈልጋል፤ ባትሪው ያለው ደግሞ ከወለሉ ሥር ስለሆነ ጉብታና ድንጋይ ያሰጋዋል። ስለዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስለ መኪና ግዢ ወሬ ሲነሳ "የየት አገር ነው?" ከማለት በፊት "የተሠራው ለምን ዓይነት መንገድ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።